የኤሌክትሮኒክ ቅጾች የምስል አጠቃቀምና የተገልጋዩ ወጪ፦ ከኮልፌ ቀራኒዮ አንጻር ሲታይ

የመንግሥት አገልግሎቶችን ከወረቀት ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት የማሸጋገሩ ሥራ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. የ«ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ስትራቴጂን ካጸደቀ ወዲህ በስፋት ሲከናወን ቆይቷል። የንግድ ምዝገባና የንግድ ፈቃድ እድሳት፣ የፓስፖርት ማመልከቻና ሌሎችም አገልግሎቶች ዛሬ በኢንተርኔት ይጀመራሉ። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎትም የልዩ ልዩ ተቋማትን መስኮቶች በአንድ ጣሪያ ሥር አሰባስቧል። ስለ ለውጡ ሲነገር አዘውትሮ የሚነሣው የአገልግሎቶቹ ብዛት ነው። ተገልጋዩ በተግባር የሚገናኘው ግን ከቅጹ ጋር ነው፤ በቅጹም ላይ ብዙ ሰው ቆም የሚልበት ቦታ የመታወቂያ፣ የጉርድ ፎቶግራፍ ወይም የማስረጃ ምስል አያይዞ እንዲልክ የሚጠየቅበት ሳጥን ነው።

ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ይህን ጉዳይ ለመመርመር ተስማሚ ቦታ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ428 ሺህ በላይ ነዋሪዎች የተመዘገቡበት ሲሆን፣ በወቅቱ ከነበሩት የአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች በነዋሪ ብዛት ቀዳሚውን ስፍራ ይዞ ነበር። ከአጠና ተራ የእንጨት ነጋዴ እስከ አየር ጤና የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከአስራ ስምንት ማዞሪያ ባለሱቅ እስከ ቤተልና ዓለም ባንክ አካባቢ ተከራይ ድረስ በኑሮም በትምህርትም የተለያየ ሕዝብ ይኖርበታል። ይህ ሕዝብ የኤሌክትሮኒክ ቅጽ የሚሞላው በአመዛኙ በእጅ ስልኩ ነው። ስልኩ ካልተመቸው ወይም ቅጹ ካስቸገረው ደግሞ በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ዙሪያ ወደሚገኙት የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቆች ይሄዳል። እነዚህ ሱቆች በወረቀት ዘመን ማመልከቻ ይጽፉ የነበሩ ናቸው፤ አሁን ስካን ያደርጋሉ፣ የምስል መጠን ይቀንሳሉ፣ ቅጽ ይሞላሉ፣ ይልካሉ። አገልግሎታቸው ጠቃሚ መሆኑ አያጠያይቅም። ሆኖም ለመስመር ላይ አገልግሎት የሚያስፈልገው አንድ ሰው ብቻ ሆኖ ሳለ፣ በመካከል ሌላ ሰው፣ ሌላ ክፍያና ሌላ ሰልፍ እንዲገባ ያደረገው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ መልስ ይሻል።

ከመልሶቹ አንዱ የምስል ክብደት ነው።

የአንድ ምስል ዋጋ በሜጋ ባይት

በአሁኑ ጊዜ በገበያ ላይ ያለ መካከለኛ የእጅ ስልክ በ12 ሜጋ ፒክስል ካሜራ የሚያነሣው ፎቶግራፍ 4000 በ3000 ነጥቦች ያሉት ሲሆን፣ በጄፔግ ሲቀመጥ ከ3 እስከ 5 ሜጋ ባይት ሊመዝን ይችላል። ይህ መጠን ለግድግዳ ፎቶግራፍ ይመቻል። ለቅጽ የሚፈለገው ግን በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው 3 በ4 ጉርድ ፎቶግራፍ ነው። ይህ ፎቶግራፍ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ በሆነ ጥሩ የኅትመት ጥራት ቢሰላ እንኳ የሚያስፈልገው 354 በ472 ነጥብ ብቻ ነው። ስለዚህ ተገልጋዩ ከስልኩ አውጥቶ የሚልከው ምስል ቅጹ ከሚያስፈልገው ሰባ እጥፍ ገደማ ነጥቦች ተሸክሞ ይጓዛል ማለት ነው።

ልዩነቱ በጊዜ ሲመነዘር እንዲህ ይሆናል። አራት ማስረጃዎችን እያንዳንዳቸውን በ4 ሜጋ ባይት የሚያያይዝ ተገልጋይ 16 ሜጋ ባይት ይልካል። የመላኪያ ፍጥነቱ በሴኮንድ 1 ሜጋ ቢት በሆነ መስመር ላይ ይህ ያለ አንዳች መቆራረጥ ከሁለት ደቂቃ በላይ ይወስዳል። አራቱ ምስሎች እያንዳንዳቸው 150 ኪሎ ባይት ቢሆኑ ግን አምስት ሴኮንድ ያህል ይበቃቸዋል። ሁለት ደቂቃ ብዙ ላይመስል ይችላል፤ ነገር ግን መስመሩ በመካከል ሲቆራረጥ ብዙ ቅጾች ካቆሙበት አይቀጥሉም፣ ከመጀመሪያው ያስጀምራሉ። በዕለት የኢንተርኔት ጥቅል ለሚጠቀም ሰው ሦስት ጊዜ የተቋረጠ ሙከራ የጥቅሉን ጉልህ ክፍል ይበላል። ከዚህ በተቃራኒ ቅጹ «ፋይሉ ከተፈቀደው መጠን በላይ ነው» ብሎ ሲመልሰው ተገልጋዩ ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግረውም። መጠን መቀነስ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው ያለው አማራጭ ወደ ሱቁ መሄድ ነው።

መፍትሔው ከተገልጋዩ ዘንድ አይጠበቅም፤ ከቅጹ አዘጋጅ ይጠበቃል። ዘመናዊ የኢንተርኔት ማሰሻዎች ምስሉ ከስልኩ ከመውጣቱ በፊት በራሱ በስልኩ ላይ እንዲያንስ የማድረግ አቅም አላቸው። በዚህ መንገድ የተዘጋጀ ቅጽ ተገልጋዩ የፈለገውን ያህል ትልቅ ምስል ቢመርጥ፣ ምስሉን ወደሚፈለገው ልክ አውርዶ ነው የሚልከው። የመጠን ገደብ አስቀምጦ ከገደቡ ያለፈውን መመለስ ለቴክኒክ ክፍሉ ቀላል ነው፤ ዋጋውን ግን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። እያንዳንዱን ምስል እንደተመረጠ ለየብቻ የሚቀበልና የተላከውን ይዞ የሚያቆይ ቅጽም፣ ሁሉንም በመጨረሻ በአንድ ጊዜ ከሚልክ ቅጽ ይልቅ ለቆራጭ መስመር የተሻለ ነው።

ማስረጃ ሲሆን ነገሩ በጥቂቱ ይለያል። የልደት ምስክር ወረቀት ወይም የኪራይ ውል ላይ ትንንሽ ፊደላትና ቁጥሮች ስላሉ በጣም ማሳነስ ጽሑፉን ያጠፋዋል። ለአንድ ኤ4 ገጽ በአንድ ኢንች 150 ነጥብ፣ ማለትም 1240 በ1754 ገደማ፣ ለማንበብ አብዛኛውን ጊዜ በቂ ነው፤ ፊደሉ ደቃቅ ከሆነ 200 ነጥብ ቢሆን ይመረጣል። ቀለም ለማያስፈልገው ሰነድ ጥቁርና ነጭ መጠቀም መጠኑን ይበልጥ ያቃልለዋል። ለሁሉም ዓይነት ምስል አንድ ወጥ ገደብ የሚያስቀምጥ ቅጽ ለፎቶግራፉ ከልክ በላይ ሰፊ፣ ለሰነዱ ግን ከልክ በላይ ጠባብ ሆኖ ይገኛል።

ቅጹ ራሱ ምስል ሲሆን

ከተገልጋዩ የሚላከው ምስል አንድ ጉዳይ ነው፤ ቅጹ ራሱ ተሸክሟቸው የሚመጣቸው ምስሎች ደግሞ ሌላ ናቸው። በየተቋማቱ ገጾች ላይ «ቅጽ» ተብለው ከሚቀመጡት መካከል የወረቀቱን ቅጽ ስካን በማድረግ የተዘጋጁ አይጠፉም። ተገልጋዩ ከፍቶ ያያቸዋል፣ መጻፍ ግን አይችልም። አትሞ፣ በእጁ ሞልቶ፣ እንደገና ስካን አድርጎ ይመልሳል፤ በተቋሙ በኩል ደግሞ ሠራተኛው ያንኑ መረጃ ከምስሉ እያነበበ ወደ ኮምፒውተር ይገለብጠዋል። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ በቀለም ስካን የተደረገ ገጽ ለብቻው ከ1 ሜጋ ባይት በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ያው ገጽ በጽሑፍና በመስመር ቢዘጋጅ ከ100 ኪሎ ባይት በታች መሆን ይችላል። ኤሌክትሮኒክ የተባለው አገልግሎት በዚህ ሁኔታ የወረቀቱን ሥራ ሁሉ ይዞ የአታሚ ወጪ የጨመረ ሆኖ ያርፋል።

ይህ ልማድ በኢትዮጵያ የራሱ ታሪክ አለው። የግእዝ ፊደል ዓለም አቀፍ በሆነው የዩኒኮድ መለያ ሥርዓት ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትም ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር አዘጋጅ ፊደላቱን በራሱ መለያ ያስቀምጥ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ሰነድ በሌላው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። ከዩኒኮድ በኋላም የቀድሞዎቹ ፎንቶች በየመሥሪያ ቤቱ ለዓመታት ቀጥለዋል። በዚያ ዘመን የአማርኛ ጽሑፍን ወደ ምስል ለውጦ መላክ ብልህነት ነበር፤ የተቀባዩ ኮምፒውተር ምንም ይኑረው ምን ጽሑፉ ሳይዛባ ይደርሳልና። ዛሬ የእጅ ስልኮች ያለ ተጨማሪ ፎንት ግእዝን በሚያሳዩበት ጊዜ ግን ምክንያቱ አልፏል፤ ልማዱ ብቻ ቀርቷል። የአገልግሎት መስፈርቶችን፣ የክፍያ ዝርዝርን፣ አንዳንዴም የቅጹን ርዕስ በምስል የሚለጥፉ ገጾች ዛሬም ይታያሉ። በምስል ውስጥ ያለ ጽሑፍ በፍለጋ አይገኝም፣ ተገልብጦ አይወሰድም፣ በትንሽ ስክሪን ላይ ሲታይ ከመስመር መስመር አይታጠፍም።

ዐይነ ስውራን ዜጎች ደግሞ ከዚህ ሁሉ የበለጠ ይጎዳሉ። የስክሪን ንባብ ሶፍትዌር ጽሑፍን ወደ ድምፅ ይለውጣል፤ ምስል ሲያጋጥመው ግን መግለጫ ጽሑፍ ካልተያያዘለት የሚያነበው የለውም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀች ሲሆን፣ ስምምነቱ መረጃና የመገናኛ ሥርዓቶች ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ እንዲሆኑ ያስገድዳል። መስፈርቱን በፎቶግራፍ የለጠፈ ገጽ ይህን ግዴታ አያሟላም። «እባክዎ በምስሉ ላይ የሚታየውን ያሟሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ምስሉን ማየት ለማይችል ሰው ምን እንደሚነግረው ማሰብ በቂ ነው።

ዓርማዎችን በተመለከተ ነገሩ ቀላል ነው። የተቋም ዓርማ በመስመር ስሌት በሚሠራው በኤስቪጂ ዓይነት ቢቀመጥ በማናቸውም ስፋት ጥርት ብሎ ይታያል፤ በአብዛኛውም ጥቂት ኪሎ ባይት ብቻ ይመዝናል። በፎቶግራፍ መልክ የተቀመጠ ትልቅ ዓርማን በቅጽ ማዘጋጃ ላይ ጠርዙን ይዞ ማጥበብ የሚታየውን ስፋት እንጂ የፋይሉን ክብደት አይቀንስም፤ ይህን ብዙ አዘጋጆች ይዘነጉታል። ስድስት ገጽ ባለው ቅጽ ላይ ዓርማው በየገጹ ለየብቻ ከገባም ስድስት ጊዜ ሊከማች ይችላል፤ አንድ ጊዜ ተቀምጦ ከየገጹ ቢጠራ ግን ክብደቱ የአንዱ ብቻ ነው። ለጌጥ የሚገቡ የሕንፃና የስብሰባ ፎቶግራፎች ቅጹ ላይ ባይኖሩ የሚጎድል ነገር የለም።

ማኅተምና ኪው አር ኮድ

በወረቀቱ ዓለም ክብ ማኅተምና ቲተር የሌለው ደብዳቤ ደብዳቤ አይባልም። ይህ እምነት ወደ ኤሌክትሮኒክ ሰነዶች ተሸጋግሮ፣ የማኅተም ፎቶግራፍ በሰነዱ ግርጌ መለጠፍ ተለምዷል። የተለጠፈ ማኅተም ግን ምስል ብቻ ነው፤ ማንም ቆርጦ በሌላ ሰነድ ላይ ሊያሳርፈው ይችላል። ሕጉ ከዚህ ወደፊት ሄዷል፦ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ ፊርማና ሰነድ ሕጋዊ መሠረት ሰጥተዋል። ከማኅተሙ ምስል ይልቅ ሰነዱን ከምንጩ ጋር አገናኝቶ ለማረጋገጥ የሚያስችል ኪው አር ኮድ የተሻለ ዋስትና አለው።

ኪው አር ኮድም ቢሆን በምስልነቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ትንንሽ ጥቁርና ነጭ ካሬዎች ያሉት በመሆኑ በጄፔግ አብዝቶ ሲታመቅ ጠርዞቹ ይደበዝዛሉ፤ በፒኤንጂ ወይም በኤስቪጂ መቀመጥ አለበት። በዙሪያው የአራት ካሬ ስፋት ያለው ባዶ ነጭ ቦታ ካልተተወለትም አንባቢው መሣሪያ ላያውቀው ይችላል። ዲዛይን ለማሳመር ሲባል ይህን ነጭ ቦታ በቀለም የሚሞሉ ሰነዶች ተገልጋዩን በመስኮት ፊት ያሳፍራሉ፤ ሰነዱ ትክክለኛ ሆኖ ሳለ «አይነበብም» ተብሎ ይመለሳል።

ከክብደቱ በላይ የሆነው ጉዳይ

እስካሁን የተነሣው የጊዜና የገንዘብ ወጪ ነው። ከዚህ የሚበልጥ አደጋ ግን አለ። መታወቂያውን ከቅጹ ጋር ማያያዝ ያቃተው ተገልጋይ ምስሉን በቴሌግራም ወደ ሱቁ ይልካል፣ ወይም በፍላሽ ይሰጣል። ባለሱቁ መጠኑን ቀንሶ ቅጹን ይልካል። ምስሉ ግን በሱቁ ኮምፒውተር ላይ፣ ከሌሎች በርካታ ሰዎች መታወቂያና ጉርድ ፎቶግራፍ ጋር ይቀራል። ይህን ለማድረግ ባለሱቁ ክፉ ሰው መሆን አያስፈልገውም፤ ደንበኞቹ ብዙ ናቸው፣ ፋይል ማጥፋትም ከሥራው ዝርዝር ውስጥ የለም። መታወቂያ፣ ፊርማና ፎቶግራፍ በአንድ ላይ በሌላ ሰው እጅ መገኘታቸው በዜጋው ስም ውል ለመፈጸም ወይም ሒሳብ ለመክፈት ለሚሞክር አጭበርባሪ መንገድ ይከፍታል።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል ዳታ የሚሰበስብ አካል የሚጠይቀው መረጃ ለዓላማው በሚያስፈልገው ልክ የተወሰነ እንዲሆን ያዛል። ይህ መርሕ ለቅጽ አዘጋጆች ቀጥተኛ ትርጉም አለው፤ አንድ ምስል በቅጹ ላይ ከመጠየቁ በፊት ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ማን እንደሚያየውና መቼ እንደሚሰረዝ መታወቅ አለበት። በብዙ ቅጾች ላይ «የመታወቂያ ኮፒ» የሚለው መስፈርት የገባው ከወረቀቱ ቅጽ ስለተገለበጠ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ፋይዳ ሁኔታውን ይለውጠዋል። በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የሚሰጠው ይህ መታወቂያ የነዋሪውን የጣት አሻራ፣ የዐይን አይሪስና የፊት ምስል አንድ ጊዜ መዝግቦ ባለ12 አሃዝ ልዩ ቁጥር ይሰጠዋል። ከሥርዓቱ ጋር የተገናኘ ተቋም ተገልጋዩ ቁጥሩን ሲያስገባና በተመዘገበው ስልኩ የደረሰውን የአንድ ጊዜ መለያ ቁጥር ሲያረጋግጥ፣ በተገልጋዩ ፈቃድ አስፈላጊውን መረጃ ፎቶግራፉን ጨምሮ ከምንጩ ማግኘት ይችላል። ባንኮች ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ማገባደጃ ጀምሮ በአዲስ አበባ አዲስ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳን መጠየቅ ጀምረዋል። ይህ ባለበት ቅጽ ላይ የመታወቂያውን ፎቶግራፍ ደግሞ ማያያዝን መጠየቅ ትርፉ ድካም ነው። ከሁሉ የሚቀልል ምስል ያልተጠየቀው ምስል ነው፤ በመስመሩ ላይ አይጫንም፣ በሱቁ ኮምፒውተር ላይም አይቀርም። ፋይዳን እየጠየቁ የመታወቂያ ኮፒንም የሚጠይቁ ቅጾች ሁለተኛውን መተው ይገባቸዋል።

ይህ ማለት ምስል ከቅጽ ይውጣ ማለት አይደለም። ፋይዳ ያልያዙ አሉ፤ እንደ ኪራይ ውልና የሕክምና ማስረጃ ያሉ በየትኛውም የመረጃ ቋት ውስጥ የማይገኙ ሰነዶችም አሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ማንበብ ለሚከብደው ሰው ከረጅም መመሪያ ይልቅ አንዲት ትንሽ ሥዕል የበለጠ ትናገራለች። በሰነዱ ላይ የመዝገብ ቁጥሩ የት እንደሚገኝ በቀስት የምታሳይ፣ ወይም ፎቶግራፍ ሲነሣ ብርሃኑ ከፊት መሆን እንዳለበት የምታመለክት ሥዕል በጥቂት ኪሎ ባይት ብዙ ምልልስ ታስቀራለች። ቅጾች ለዚህ ዓይነት ምስል ሲሰስቱ ለጌጥ ግን ለጋስ ሆነው መታየታቸው አስገራሚ ነው።

ተቋማት ቅጾቻቸውን እስኪያስተካክሉ ድረስ ተገልጋዮች በራሳቸው ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ። ሰነድ ሲነሣ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስቀምጦ፣ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ከላይ ቀጥ ብሎ ማንሣትና የሰነዱን ጠርዝ ይዞ ከጠረጴዛው መቁረጥ መጠኑንም ጥራቱንም ያሻሽላል። ምስል በቴሌግራም እንደ «ፎቶ» ሲላክ ሥርዓቱ ራሱ ያሳንሰዋል፤ ለጉርድ ፎቶግራፍ ይህ ጠቃሚ ነው፣ ደቃቅ ጽሑፍ ላለው ሰነድ ግን ሊያደበዝዘው ይችላል። እንደ «ፋይል» ሲላክ በሙሉ ጥራቱ ይደርሳል፤ ፎቶግራፉ የተነሣበት ቦታ በስልኩ ተመዝግቦ ከሆነ ግን ያ መረጃ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ቅጹን በራስ ስልክ መላክ የሚቻል ከሆነ፣ ምስሉን ለራስ በ«ሴቭድ ሜሴጅስ» ልኮ ያነሰውን መልሶ ማውረድ ወደ ሱቅ መሄድን ያስቀራል።

ሱቅ መሄድ ግድ ከሆነ፣ ምስሉ በተገልጋዩ ፊት ተያይዞ ከተላከ በኋላ ከኮምፒውተሩ «ዳውንሎድስ» ማኅደርና ከቆሻሻ መጣያው እንዲጠፋ መጠየቅ የተገልጋዩ መብት ነው። በሱቁ ኮምፒውተር ላይ የራሱን ቴሌግራም ከፍቶ የነበረ ሰው ደግሞ በስልኩ ቅንብር ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ከፍቶ፣ በዝርዝሩ ላይ የሱቁን ኮምፒውተር ካገኘ ወዲያው መዝጋት ይኖርበታል።